ላሜራው ይበሳ ወይስ አይበሳ?

ዓመቱ 1901 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። በእንግሊዝ አገር ጎዳና ላይ ቶርኒክሮፍት የተባለ ፋብሪካ የሠራው፣ በእንፋሎት የሚሄድ ከባድ መኪና እየተንገጫገጨ ያልፋል። ጣሪያው ላይ የዳቦ ቤት ጭስ ማውጫ የመሰለ ወፍራም የብረት ቱቦ ተጋድሟል። መኪናው ሲቆም ቱቦው ቀና ይልና ይገተራል፤ ቁመቱ 6 ወይም 7 ሜትር ነው። ጭስ ግን አይወጣውም። ጉልዬልሞ ማርኮኒ ያሠራው አንቴና ነው። በዚህ ቱቦና 100 ዋት ገደማ በሚስብ ማስተላለፊያ 50 ኪሎ ሜትር ርቆ ካለ ጣቢያ ጋር መልእክት መለዋወጥ ተችሏል።

ማርኮኒ በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ስለዚህ መኪና ባደረገው ገለጻ ያነሣው አንድ ነገር አለ። ሬዲዮ ከላይ የተገተረ ዘንግ ብቻ አይበቃውም፤ ከታች መሬት ይፈልጋል። ቋሚ ጣቢያ ከሆነ ሽቦ አፈር ውስጥ ይቀበራል፣ ነገሩ አለቀ። ከቦታ ቦታ የሚሄድ መኪና ግን ምን ይደረግ? ማርኮኒ መጀመሪያ የሽቦ መረብ መሬት ላይ አነጠፈ። ቀጥሎ መረቡን ከመኪናው ኋላ እያስጎተተ በጉዞ ላይ ሞከረው፤ ሠራ። በመጨረሻ መረቡን ትቶ የመሬቱን ሽቦ ከራሱ ከመኪናው የእንፋሎት ጋን ጋር አገናኘው። ያም ሠራ። የጋኑ ብረት የመሬትን ቦታ ያዘ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ መኪና ላይ አንቴና ለመትከል የደከመ ሁሉ ያቺን የእንፋሎት ጋን በሌላ መልክ ሲያገኛት ኖሯል። ዘንጉ የአንቴናው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ መኪናው ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሠራዊቶች ሬዲዮ በፈረስ ሠረገላና በካሚዮን ጭነው ዞረዋል። ለመሥራት ግን መቆም፣ ምሰሶ ማቆም፣ ሽቦ መወጠር ነበረባቸው። እየሄደ የሚሰማ ሬዲዮ የፈለገው የዲትሮይት ፖሊስ ነው። ሙከራው በ1921 ተጀመረ፤ ለዓመታትም የመንገዱ መንገጫገጭ የመቀበያዎቹን የመስታወት ቱቦዎች ሲያበላሽ፣ ድምፁም በየመንገዱ መታጠፊያ ሲጠፋ ቆየ። ከሁሉ የሚያስቀው የፈቃዱ ጉዳይ ነው። ጣቢያው የተመዘገበው በመዝናኛ ጣቢያነት ስለነበር ፖሊሱ ስለተሰረቀ መኪና ከመናገሩ በፊት ሙዚቃ ማሰማት ነበረበት። ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ሥራው በቋሚነት ተጀመረ። ያም ቢሆን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ መኪና ውስጥ ያለው ፖሊስ ይሰማል እንጂ አይመልስም። መልስ ካለው ወርዶ ስልክ ይፈልጋል።

በ1930 ክረምት ላይ ፖል ጋልቪን የተባለ የቺካጎ ነጋዴ ስቱድቤከር መኪናውን እየነዳ አትላንቲክ ሲቲ ገባ። የሬዲዮ አምራቾች ጉባኤ የሚካሄደው እዚያ ነው። ጋልቪን ግን የኤግዚቢሽን ቦታ አልተከራየም። መኪናውን ከመግቢያው አጠገብ አቆመና የገጠመውን ሬዲዮ ድምፅ ከፍ አደረገው። ትእዛዝ ይዞ ተመለሰ። ለሬዲዮው ሞተር ከሚለው ቃል ጋር አያይዞ ያወጣለት ስም ሞቶሮላ ነው፤ ዋጋው ከ110 ዶላር በላይ ነበር፣ በጊዜው ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ዋጋው ግን የድካሙን ያህል አይከብድም ነበር። የዚያን ዘመን መኪና ጣሪያ መሐሉ ብረት አልነበረም። የእንጨት አጥንት አለ፣ በእንጨቱ ላይ የዶሮ ቤት የሚታጠርበት ዓይነት የሽቦ ወንፊት፣ በወንፊቱ ላይ ጥጥ፣ ከሁሉ በላይ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ። ገጣሚው የጣሪያውን የውስጥ ልብስ ከየሚስማሩ እየነቀለ ያወርዳል። ወንፊቱ ከመኪናው አካል ጋር የሚነካካበትን ሁሉ ዙሪያውን ቆርጦ ያላቅቀዋል። አንድ ሽቦ በሊድ ይበይድበትና በበሩ ምሰሶ ውስጥ አሳልፎ ከሬዲዮው ጋር ያገናኘዋል። ወንፊት ከሌለ የመዳብ መረብ ገዝቶ ይወጥራል። ከዚያ ልብሱን መልሶ ይሰፋል። ከውጭ የሚያይ ሰው መኪናው አንቴና እንዳለው አያውቅም።

ይህ ብልኃት የቆየው አምስት ዓመት ብቻ ነው። በ1935 ሞዴሎች ላይ ጄኔራል ሞተርስ ተሬት ቶፕ ያለውን፣ ከአንድ ወጥ ላሜራ የተጨፈለቀ ጣሪያ ይዞ መጣ። ዝናብ አያስገባም፣ አይጮኽም፣ መኪናው ቢገለበጥም ይሻላል። ለሬዲዮ ግን በድስት የተከደነ ጆሮ ሆነ። አንቴናው ወደ ታች ተሰደደ፤ በመኪናው ጎን ካለው መረገጫ ሥር ተንጠለጠለ፣ እዚያም ጭቃና ድንጋይ ሲመታው ከረመ። ብዙ ሳይቆይ ደግሞ መረገጫው ራሱ ከፋሽን ወጣ። ያኔ ዘንጉ ከላሜራው ውጭ፣ ከፓራፋንጎው አጠገብ፣ እንደ ቀንድ በቀለ። ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ያንን ጥያቄ ተጠየቀ፦ ላሜራው ይበሳ?

መስማት ብቻ ለሚፈልግ ሰው የዘንጉ ርዝመት ብዙም አያስጨንቅም። መናገርም ሲፈልግ ነገሩ ይለወጣል። የክራር ጅማት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ ወፍራም ድምፅ ረጅም ጅማት ይሻል፣ ቀጭን ድምፅ አጭር። ቀጥ ብሎ የሚቆም አንቴናም በደንብ የሚያስተጋባው ቁመቱ የሞገዱ ሩብ ሲሆን ነው። ሩቡን በሜትር ለማግኘት 75ን በሜጋ ኸርዝ በተለካው የሞገዱ ድግግሞሽ ማካፈል ይበቃል። በ1933 ኒው ጀርዚ ውስጥ የቤዮን ከተማ ፖሊስ ከመኪናም ከማዕከልም የሚነገርበትን ሬዲዮ ሥራ ላይ ሲያውል የመረጠው ከ30 ሜጋ ኸርዝ በላይ ያለውን ሞገድ ነው። ሩቡ ከሁለት ሜትር ትንሽ ቢበልጥ ነው፤ መኪና ይሸከመዋል። በ1940 ደግሞ የኮኔቲከት ዩኒቨርሲቲ መምህር ዳንኤል ኖብል ለክፍለ ግዛቱ ፖሊስ ያዘጋጀው ኤፍ ኤም ሬዲዮ በ39 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ሠራ። ኤፍ ኤም የሞተሩን ጩኸት ስለሚያጣራ ከዚያ በኋላ የፖሊስ ሬዲዮ ወደ ኋላ አልተመለሰም። ከኋላ ፓራውልቱ ላይ ወደ ሰማይ የሚወዛወዘውን ረጅም ዘንግ አሜሪካውያን የጋሪ ነጂ አለንጋ ብለው ጠሩት። ስሙ ተስማሚ ነው፤ መኪናው ሲታጠፍ አለንጋው በእርግጥ ይጋረፋል።

አማተሮቹ፣ ማለትም ሬዲዮን ለገቢ ሳይሆን ለፍቅሩ ብለው ፈቃድ የሚያወጡት ‘ሃሞች’፣ በዚሁ ጊዜ ከ56 ሜጋ ኸርዝ በላይ ባለው ሞገድ ላይ በመኪና ይጫወቱ ነበር። ዘንጋቸው 1.3 ሜትር፣ ርቀታቸው ዓይን እስካየበት። የፐርል ሃርበር ጥቃት በደረሰ ማግስት አሜሪካ ውስጥ አማተር ሁሉ ዝም እንዲል ታዘዘ። በ1942 ለሲቪል መከላከያ ሥራ ብቻ ተብሎ ከ112 ሜጋ ኸርዝ በላይ እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። የዚያ ሞገድ ሩብ 67 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ከልጅ ክንድ ብዙም አይረዝምም።

ጦርነቱ ለመኪና አንቴና ያደረገውን ሰላም በሃያ ዓመት አያደርገውም ነበር። የአሜሪካ ጂፕ ከብረት ቁራጮች የሚጠማዘዝ ዘንግ ተሸከመ፤ ከሥሩ የሸክላ ኢንሱሌተርና ጠንካራ ሞላ አለው። ቅርንጫፍ ሲመታው ይተኛል፣ ይነሣል። በጉዞ ላይ ጫፉን በገመድ ጎትተው ከመኪናው ፊት ያስሩታል፣ እንደ ቀስት ይደገናል። ጀርመኖች ከመድፉ ጋር ተቸገሩ። የፓንዘር 4 ታንክ ቱሬት ሲዞር መድፉ አንቴናውን እንዳይሰብረው ከበርሜሉ ሥር ዘንጉን ገፍቶ የሚያስተኛ ብረት ሠሩለት፤ ዘንጉ የሚተኛውም በእንጨት ገንዳ ውስጥ ነው። የአዛዦቹ ታንኮች መጀመሪያ ላይ ከሞተሩ በላይ የአልጋ ክፈፍ የመሰለ ሰፊ አንቴና ነበራቸው። ጠላት አዛዡ የቱ ጋ እንዳለ ከሩቅ ለየ። ክፈፉ በኋላ ቀረ።

በ1945 መገባደጃ ሃሞቹ ወደ ሞገዳቸው ሲመለሱ የጦር ሠራዊት ትርፍ ዕቃ በርካሽ ይሸጥ ነበር። የአውሮፕላን ሬዲዮ መኪና ውስጥ ገባ፤ የመኪናውን ባትሪ ወደ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚለውጠው ዲናሞተር እያፏጨ፣ ማይክሮፎኑ ሲጫን የፊት መብራቱ እየደበዘዘ። በ28 ሜጋ ኸርዝ ላይ ሩብ ሞገድ 2.7 ሜትር ያህል ነው። ይህ ፓራውልት ላይ ይተከላል፣ ቅርንጫፍ ይቧጭራል፣ የነዳጅ ማደያን ጣሪያ ይመታል፣ ግን ይሠራል። በሌሊት ከሩቅ አገር ጋር ለመነጋገር የሚመቸው 3.8 ሜጋ ኸርዝ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ሩቡ 20 ሜትር ይጠጋል። የስድስት ፎቅ ሕንፃ ቁመት ማን መኪና ላይ ይተክላል?

መልሱ ዘንጉን አሳጥሮ የጎደለውን በሽቦ ጥቅል መሙላት ነው። ሬዲዮው ይታለላል፤ አንቴናው ሙሉ ቁመት ያለው ይመስለዋል። ተፈጥሮ ግን አትታለልም። በ3.8 ሜጋ ኸርዝ 2.4 ሜትር የሆነ ዘንግ ሞገድ ለመርጨት የሚያውለው ተቃውሞ ከ0.4 ኦም አይበልጥም። ጥቅሉ፣ ሻንሲውና ከጎማው ሥር ያለው አፈር ተደምረው ደግሞ 10 ኦም ያህል ይበላሉ። ሒሳቡ ቀላልና መራራ ነው፦ ከ100 ዋት ወደ ሰማይ የሚሄደው ሦስት ወይም አራት ዋት ነው። ቀሪው ጥቅሉንና አስፋልቱን ያሞቃል።

ይህን በቁጥር አስልቶ ለሃሞቹ ያቀረበው ካናዳዊው ጃክ ቤልሮዝ ነው። በመስከረም 1953 ኪው ኤስ ቲ በተባለው የአማተሮች መጽሔት ስለ አጫጭር የመኪና አንቴናዎች ያወጣው ጽሑፍ ጥቅሉ የት ይቀመጥ የሚለውን ክርክር መልክ አስያዘው። ከሥር ሲሆን ለመሥራት ይቀላል፤ ዘንጉ ላይ የሚፈሰው ኃይል ግን ቶሎ ይከሳል። ወደ መሐል ከፍ ሲል ከሥሩ ያለው የዘንጉ ክፍል ሙሉ ኃይል ይሸከማል። ነገር ግን ከፍ ባለ ቁጥር ጥቅሉ መተለቅ አለበት፣ ሲተልቅ ይከብዳል፣ ሲከብድ ነፋስ ይጥለዋል። ዛሬም ድረስ ሁለት የመኪና ሬዲዮ ሰዎች ሲገናኙ የሚጨቃጨቁት በዚህ ነው። በአየር ላይ ከወፍራም ሽቦ የሚጠቀለለውን ትልቁን ጥቅል ‘የቴክሳስ ነፍሳት አጥማጅ’ ይሉታል፤ በአውራ ጎዳና ሲነዳ በእርግጥም ትንኝና አንበጣ ይሰበስባል። ከፍተኛ ኃይል ሲለቀቅበት ደግሞ በጨለማ የዘንጉ ጫፍ ሐምራዊ ብርሃን ያወጣል። ጫፉ ላይ ድቡልቡል ብረት የሚደረገው ሾሉ ኤሌክትሪክ ወደ አየር እንዳያፈስ ነው። ተራ የመኪና ሬዲዮ ዘንግ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ኳስም የመጣችው ለጌጥ አይደለም።

የመስማቱ ችግር ከመናገሩ ያላነሰ ነበር። እያንዳንዱ ካንዴላ ትንሽ የሬዲዮ ማስተላለፊያ ነው፤ የማርኮኒ ማስተላለፊያም ከእሳት ብልጭታ ሌላ አልነበረም። ሃሞቹ በካንዴላ ሽቦዎች ላይ ተቃውሞ ጨመሩ፣ በዲናሞው ላይ ካፓሲተር ሰኩ። ይህ ሁሉ ተደርጎም ጩኸቱ አልቀረም። ምንጩ የማርሚታው ቱቦ ሆኖ ተገኘ። ቱቦው ከሞተሩ ተነሥቶ በጎማ ተንጠልጥሎ እስከ ኋላ ይሄዳል፤ ከሻንሲው ጋር ስለማይነካካ የሞተሩን ጩኸት ተሸክሞ ልክ ፓራውልቱ ላይ ወዳለው አንቴና ያደርሰዋል። መፍትሔው የተጎነጎነ የመዳብ ጠፍር ነው። ማርሚታውን በሁለት ሦስት ቦታ፣ ኮፈኑን በሁለቱም ማጠፊያ፣ በሮቹን፣ የኋላ ክዳኑን ከሻንሲው ጋር ማሰር። ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ የተፋቀ ቀለም፣ ቅባት። ጩኸቱ ይቀንሳል፣ በዚያውም የተበታተነው ላሜራ አንድ አካል ሆኖ ለአንቴናው የተሻለ መሬት ይሆንለታል። አንድ ሥራ፣ ሁለት ደመወዝ።

በ1957 የአዮዋው ኮሊንስ ኩባንያ ኬ ደብሊው ኤም 1ን አወጣ። ማስተላለፊያውና መቀበያው በአንድ ሣጥን፣ ያውም ከመኪና ዳሽቦርድ ሥር ሊገባ የሚችል፤ ኃይሉን በአንድ ጎን ሞገድ ላይ ብቻ ስለሚያውለው ከአጭር አንቴና የሚወጣው ጥቂት ዋት ራሱ ሩቅ ይደርሳል። በዋጋው ምክንያት ብዙዎች በመስኮት ብቻ አዩት።

በሚቀጥለው ዓመት አሜሪካ በ27 ሜጋ ኸርዝ ላይ ፈተና የማያስፈልገውን የሕዝብ ሬዲዮ፣ ሲ ቢን፣ ፈቀደች። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ብዙም ሰው አልጮኸበትም። የ1973 የነዳጅ ቀውስ መጣ፤ በ1974 መጀመሪያ የፍጥነት ወሰኑ በሰዓት ወደ 88 ኪሎ ሜትር ወረደ። የከባድ መኪና ሾፌሮች ነዳጅ የት እንዳለና ፖሊስ የት እንደተደበቀ ለመነጋገር ሲ ቢ ገጠሙ። በግራና በቀኝ መስታወታቸው ላይ መንታ አንቴና ቆመ። የቤት መኪና ያለውም ተከተለ። 2.59 ሜትር የሆነው የብረት አለንጋ የየመንደሩ ጌጥ ሆነ። ሃሞቹ ፈተና አልፈው ያገኙትን ነገር ሌላው ከሱቅ ገዝቶ ሲጮኽበት ደስ አላላቸውም። መደበቅ አይቻልም፣ ትንሽ ቅናትም ነበረበት።

እነሱ ራሳቸው በዚያን ጊዜ ወደ አጭሩ ዘንግ እየተመለሱ ነበር። በ1960ዎቹ የፖሊስና የታክሲ ድርጅቶች አሮጌ ኤፍ ኤም ሬዲዮዎቻቸውን ሲጥሉ ሃሞቹ እያነሡ ወደ 146 ሜጋ ኸርዝ አስተካከሏቸው። ተራራ ላይ የሚተከለው ሪፒተር ከመኪናው የሰማውን ተቀብሎ ለአገሩ ሁሉ መልሶ ያሰማል። የዚህ ሞገድ ሩብ ግማሽ ሜትር ነው፤ ቦታውም ጣሪያው መሐል ነው። ዙሪያውን እኩል ላሜራ ስለሚያገኝ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰማል። ጥግ ላይ ከተተከለ መኪናው ወደ ተዘረጋበት ያደላል።

መሐል ጣሪያ ማለት ግን መሰርሰሪያ ማለት ነው። ሞቶሮላ ያወጣው፣ ሃሞችም ኤን ኤም ኦ እያሉ የሚጠሩት መትከያ 19 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ይጠይቃል። ያልደፈረ ሰው ማግኔት ያለውን ይገዛል። ማግኔት ምቹ ነው፤ ይነሣል፣ ይቀመጣል። በሥሩ የገባ አሸዋ ቀለሙን ይፍቃል፣ ኬብሉ በበር ላስቲክ እየተቆነጠጠ ውሃ ያስገባል፣ የዛፍ ቅርንጫፍም በኬብሉ አንጠልጥሎት ሊሄድ ይችላል። የበሳውም ያልበሳውም አንዳቸው ሌላውን ሲወቅሱ ሃምሳ ዓመት አለፋቸው።

በ1980ዎቹ የመኪና ስልክ ሲመጣ መሐሏ የአሳማ ጅራት የመሰለች ጥምዝ ያላት አጭር አንቴና በኋላ መስታወት ላይ ተለጠፈች። የሀብት ምልክት ሆነች። ስልክ የሌለው ሰው የሚለጥፈው፣ ሽቦ የሌለው የውሸት አንቴናም ተሸጠ።

ከረጅሞቹ ዘንጎች ግን እኛ ኢትዮጵያውያን በዓይን የምናውቀው አለ። የዕርዳታ ድርጅት ነጭ ላንድ ክሩዘር፣ ከፊት ፓራውልቱ ላይ ወፍራም ጥቁር ግንድ፣ ከግንዱ የሚወጣ ቀጭን ዘንግ፣ ጫፉ በጣሪያው ላይ ወደ ኋላ ተጎትቶ የታሰረ። በአውስትራሊያዋ አደሌይድ የተመሠረተው ኮዳን ኩባንያ የሚሠራው ዓይነት አንቴና ነው። ግንዱ ውስጥ ያ አሮጌው ጥቅል አለ፤ ሾፌሩ ሞገድ ሲለውጥ ጥቅሉን በራሱ የሚያስተካክል መሣሪያም አለ። ምልክቱ ወደ ላይ ወጥቶ ከአየር ንብርብር ነጥሮ ስለሚመለስ፣ አንድም ማማ በሌለበት ከጎዴ አዲስ አበባን ማነጋገር ይቻላል። የተራራው ቁመት አያግደውም።

አማተሮቹም ከመኪና ሳይወርዱ ሞገድ የመለወጥ ሕልም ነበራቸው። ያሳካላቸው የካሊፎርኒያው ዶን ጆንሰን ነው፣ የጥሪ ምልክቱ ደብሊው 6 ኤ ኤ ኪው። ጥቅሉን ወፍራም ቱቦ ውስጥ አስገባው፣ ከሥሩ የባትሪ ብሎን መፍቻ ሞተር ገጠመለት። ሞተሩ ሲዞር ጥቅሉ ከቱቦው ይወጣል፣ ይገባል፤ የወጣው ብቻ ይሠራል። ዓለም አንቴናውን እስካሁን ‘ስክሩድራይቨር’ ይለዋል። በ1995 አይኮም አይ ሲ 706 የተባለውን፣ ፊቱ ተነቅሎ ዳሽቦርድ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ሬዲዮ ሲያወጣ ሁለቱ ተጋቡ።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው መኪናው ነው። የ2015 ፎርድ ኤፍ 150 አካሉ አሉሚንየም ነው፤ ማግኔት ያለው አንቴና አይጣበቅበትም። ጣሪያቸው መስታወት የሆኑ መኪኖች መጡ። ኤሌክትሪክ መኪኖች ካንዴላ የላቸውም፣ ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኢንቨርተር ግን ከካንዴላ የባሰ ይጮኻል፤ ቴስላና ቢ ኤም ደብሊው ኤ ኤም ሬዲዮን ከኤሌክትሪክ መኪኖቻቸው ያወጡት በዚሁ ሰበብ ነው። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ስለከለከለች ይህ ጩኸት ለእኛም ሩቅ አይደለም።

ዛሬ ጣሪያውን ለመብሳት የቆረጠ ሃም መጀመሪያ የሚያደርገው የ1930ው ገጣሚ ያደርግ የነበረውን ነው፤ የጣሪያውን ልብስ ከጠርዙ ያወርዳል። እጁን ሲያስገባ የሚያገኘው ግን የዶሮ ቤት ወንፊት አይደለም። በጎን በኩል ከፊት እስከ ኋላ የተጠቀለለ ኤርባግ አለ፤ ኬብሉ በፊቱ እንዳያልፍ ከኋላው ይሰዳል። ጣሪያውን የሚደግፉት ብረቶች የት እንዳሉ በጣቱ ይዳስሳል። ከላይ መሐሉን በሜትር ለክቶ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፋል፣ ነጥብ ይመታል፣ ብናኙ ቀለሙን እንዳይፍቅ ዙሪያውን ጨርቅ ያነጥፋል። ይበሳል። ከቀዳዳው ሥር ያለውን ቀለም እስኪያበራ ፍቆ መትከያው ባዶ ብረት ላይ እንዲቀመጥ ያደርጋል፣ ዳዶውን ያጠብቃል፣ 49 ሴንቲ ሜትሩን ዘንግ ያጠማዝዛል። ከዚያ ማይክሮፎኑን ያነሣና በአካባቢው ሪፒተር ላይ የሚሰማው ሰው እንዳለ ይጠይቃል።